ጆሮዬ እንግሊዝኛ አልሰማም ሲለኝ የሞከርኳቸው ነገሮች (በተለይ የቪኦኤ ሌርኒንግ ኢንግሊሽ ሪቪው)

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፣ አለበለዚያ ሪቪው ትርጉም የለውም። ምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ምሰራው ዲሲ አንድ የቢሮ ህንጻ ስር ያለ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ አሜሪካ ከመጣሁ አራት አመት ሊሞላኝ ነው። አገር ቤት እያለሁ በእንግሊዝኛ አልታማም ነበር። አስረኛ ክፍል ማትሪክ ላይ ኤ ነው ያመጣሁት፣ ዩኒቨርሲቲም አካውንቲንግ በእንግሊዝኛ ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ ያለኝን ሰው ሁሉ ጽፌለታለሁ። ከዛ ዱለስ ኤርፖርት ወረድኩና ኢሚግሬሽን ላይ ያለው ሰውዬ ሁለት አረፍተ ነገር ሲናገረኝ የገባኝ «ሰር» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ለሁለቱም «የስ» አልኩት። ምን እንደጠየቀኝ እስካሁን አላቅም፣ አሳለፈኝ።

አሁን ምጽፈው ለዚህ በሽታ ያወጣሁትን ገንዘብና ጊዜ ነው። የከፈልኩበት አለ፣ ነጻ የሆነ አለ፣ ያሳፈረኝም አለ። ዋናው ሪቪው የቪኦኤ (የአሜሪካ ድምጽ ሬዲዮ) ሌርኒንግ ኢንግሊሽ፣ እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ያዘጋጁት ዝግጅት ነው ግን ሌላውንም እግረ መንገዴን እነካካለሁ።

በሽታው ምን እንደሚመስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡዙ (ጋራዡ ውስጥ ምቀመጥባት ጠባብ ክፍል) ውስጥ ኢንተርኮም አለ። መውጫው ላይ ያለው ማሽን አልሰራ ሲል ሰዉ በተኑን ይጫናል፣ እኔ ጋ ይጮሃል፣ አነሳለሁ። ፊቱን አላይም፣ አፉን አላይም፣ ከኋላው ያለው መኪና ክላክሱን ያስጮሃል፣ ስፒከሩ ደሞ ጣቢያው እንደጠፋበት ሬዲዮ ነው። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ደወለችና «ዘ ማሺን ኤይት ማይ ቲኬት» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ማሽን ኤይት፣ ማለትም ማሽን ቁጥር ስምንት ነው። እኛ ጋ ያለው ማሽን ሶስት ነው። በትህትና «ሜም፣ ዊ ዶንት ሃቭ ማሺን ኤይት፣ ዊ ሃቭ ኦንሊ ስሪ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዛ ጮክ ብላ «ኖ፣ ኢት ኤይት ኢት!» አለች። እኔም ድምጼን ከፍ አድርጌ «ኖ ኤይት ሜም! ኖ ኤይት!»። እንዲህ እየተባባልን ከኋላዋ አራት መኪና ተሰለፈ። ሀያ አመት እዛ ጋራዥ የሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ከታች ሮጠው መጡና «አንተ ልጅ! ማሽኑ ቲኬቴን በላብኝ እኮ ነው የምትልህ! ክፈትላት!» አሉኝ።

በላብኝ! እኛም እኮ እንደዚሁ ነው የምንለው፣ ኤቲኤሙ ካርዴን በላው እንል የለ። ቃሉም አዲስ አይደለም፣ ሶስተኛ ክፍል እያለሁ ኢት፣ ኤት፣ ኢትን ብዬ በዜማ የሸመደድኩት ቃል ነው። ችግሩ እዛ ላይ ነው፣ እኔ የሸመደድኩት «ኤት» ብዬ ነው፣ ሴትዮዋ ያለችው «ኤይት» ነው፣ እና ጭንቅላቴ ውስጥ ኤይት የሚባል ወንበር ላይ ቁጥር ስምንት ቀድሞ ተቀምጧል። የዛን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ በጣም ነው የተናደድኩት፣ በሷም በጋሼም አይደለም፣ ያ ሁሉ አመት የተማርኩት በአይኔ ብቻ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

በአይኔ ብቻ ስል አንድ ሰው «ፕላዝማስ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ የኔ እድሜ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ሀይስኩል ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ቲቪ ተሰቅሎ በሳተላይት ትምህርት ይመጣ ነበር፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ፊዚክሱን የሚያስተምረው ሰውዬ ይሮጣል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሳለ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ይቀጥላል። ስልሳ ተማሪ አፉን ከፍቶ እየተያየ «ቬሪ ጉድ»! ለማቆም አይቻል፣ ወደኋላ ለመመለስ አይቻል፣ የክፍሉ አስተማሪ ራሱ ከኛ ጋር ቆሞ ነው ሚያየው። እና በእንግሊዝኛ ሲነገረኝ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ዝም ማለትን የተለማመድኩት እዛ ይመስለኛል። ዱለስ ላይ ያልኩት የስ የፕላዝማ የስ ነው።

እሺ ወደ ሪቪው። መጀመሪያ የገዛሁት በስልክ የሚሰራ የቋንቋ አፕ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ በወር 13 ዶላር እየቆረጠ ሰባት ወር ይዞኝ ቆይቷል። ስእል ያሳይሃል፣ ቃሉን ይነግርሃል፣ ትነካለህ፣ ጡሩምባ ይነፋልሃል። አስራ ሁለት አመት እንግሊዝኛ ለተማረ ሰው ፖም አሳይቶ አፕል በል ማለት ምን ይሉታል? እኔ ደሞ ሞኝ ነኝ፣ ጡሩምባው ደስ ይለኝ ነበር፣ ባስ ውስጥ ሁሉ ስነካ ነበር። በአፑ ቤት እኔ ሌቭል አምስት ደርሻለሁ፣ በኢንተርኮሙ ቤት ግን እዛው ነኝ። የሚያናግረኝ ድምጽ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ቆርጦ ነው የሚያቀርብልኝ፣ እንደ ተቆረጠ ቆጮ። ሰው እንዲህ አያወራም። አንድ ኮከብ፣ እሱም ለጡሩምባው። ሰብስክሪፕሽኑን ለማጥፋት ደሞ ሌላ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ያ የራሱ ታሪክ ነው።

ቪኦኤን ያሳየኝ ያው ጋሼ ነው። (እርስዎ እያልኩ ነው የማናግራቸው፣ ሳወራባችሁ ግን አንዳንዴ ያመልጠኛል።) አንድ ቀን ቡዝ ውስጥ ምሳ እየበላን «አባትህ ቪኦኤ ያዳምጡ ነበር?» አሉኝ። እንዴታ! አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የአሜሪካ ድምጽ የአማርኛውን ዝግጅት ሲሰማ ቤት ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። የአማርኛው ክፍል ከ1982 (እዚህ ምጠራቸው አመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ የነበረ ነው፣ በደርግ ጊዜ ተደብቀው ያዳመጡት ሰዎች ወሬ የሌለበት ቤት የለም። ጋሼም «እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ደሞ ሌላ ዝግጅት አላቸው፣ ቀስ ብለው የሚያነቡ፣ እኔ ሱዳን ስደት እያለሁ በሱ ነው ጆሮዬ የተከፈተው» አሉ። ስፔሻል ኢንግሊሽ ይባል ነበር በሳቸው ጊዜ።

ነገሩን ሳጣራው የጀመረው በጥቅምት 1959 ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ 1500 ገደማ ቃላት ብቻ መርጠህ፣ አረፍተ ነገሩን አጭር አድርገህ፣ ከተለመደው ንግግር ቀስ ብለህ ታነባለህ። በድሮው ስፔሻል ኢንግሊሽ ፍጥነቱ በደቂቃ 90 ቃል አካባቢ ነበር፣ ተራ አሜሪካዊ ሲያወራ 150 ምናምን ይደርሳል። በ2014 ስሙን ሌርኒንግ ኢንግሊሽ ብለው ቀየሩት፣ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛ፣ ለከፍተኛ ብለው ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ዝግጅት ድምጽ አለው፣ ከስሩ የተነበበው ነገር ቃል በቃል ተጽፏል፣ መጨረሻ ላይ የከበዱ ቃላት ከነትርጉማቸው አሉ። ነጻ ነው፣ ዳውንሎድ ማድረግም ይቻላል፣ ኢሜይል አይጠይቅ፣ ካርድ አይጠይቅ።

መጀመሪያ ያዳመጥኩት ቀን ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ገባኝ። በቃ ገባኝ! አንድ ሰው በእንግሊዝኛ አራት ደቂቃ ሙሉ አውርቶ እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገባኝ። ስለ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ፣ ስለ ንብ መሰለኝ፣ ግን ባስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር። ለካ ደንቆሮ አይደለሁም የሚል ነገር። ይሄን ስሜት ካላጣችሁት አታቁትም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ሞኝነቴ መጣ፣ ዝም ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ሳህን ሳጥብ፣ ባስ ላይ፣ ስተኛ። ደስ ይላል እንጂ ምንም አልጨመረልኝም። ስለዚህ ዲክቴሽን ጀመርኩ፣ እንደ ሁለተኛ ክፍል። ደብተር ገዛሁ፣ ድምጹን አንድ አረፍተ ነገር አጫውታለሁ፣ አቆማለሁ፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ፣ ካልያዝኩት እመልሰዋለሁ፣ አምስቴ ድረስ። ከዛ ከስር የተጻፈውን አይቼ በቀይ እስኪርቢቶ አርማለሁ። ለሊት ሺፍት ስለሆንኩ ከለሊቱ ስምንት ሰአት በኋላ መኪና የለም፣ ቡዝ ውስጥ እኔና ደብተሬ ብቻ። (ከአለቃዬ ደብቄ ነው፣ በኋላ ግን አይቶ ምንም አላለኝም።)

የገረመኝ ነገር ይሄ ነው። ቀዩ እስኪርቢቶ ትልልቆቹ ቃላት ላይ አልነበረም። ኢኮኖሚ፣ ጋቨርመንት፣ ኢንቫይሮንመንት፣ እነዚህን አንድም አልሳትኩም። ቀዩ በሙሉ ትንንሾቹ ላይ ነው፣ ኦፍ፣ ቱ፣ ሃቭ፣ ቢን፣ አት፣ ሂም። በወረቀት ላይ ምንም ያልከበዱኝ ቃላት! ሲነገሩ ግን ይሟሟሉ፣ «ኦፍ» የምትባለው «እ» ብቻ ትሆናለች፣ «ሂም» ሃዋን ትጥልና «እም» ትሆናለች፣ «ሹድ ሃቭ» «ሹዳ» ይሆናል። በቀስታ በሚያነበው ቪኦኤ ላይ እንኳን እንዲህ ከሆነ ኢንተርኮሙ ላይ ምን ሊሆን ነው። አንድ ገጽ ላይ አስራ ዘጠኝ ስህተት ቆጥሬ አስራ ስድስቱ ከሶስት ፊደል የማይበልጡ ቃላት ነበሩ። ያን ገጽ ቀድጄ ቡዙ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።

እኛም እኮ እናደርገዋለን ጎበዝ። ምን ሆንክ የሚል ሰው አለ? ምኖንክ ነው የምንለው። የት አለህን የታለህ፣ ምን አገባኝን ምናገባኝ፣ ምን አልክን ምናልክ። አንድ ፈረንጅ አማርኛ በመጽሀፍ ተምሮ መርካቶ ቢገባ «ምኖንክ» ሲባል በመዝገበ ቃላት ምን ብሎ ይፈልገዋል? አሜሪካኖቹም «ዲድ ዩ ኢት የት» የሚለውን «ጂቼት» ብለው ሲጨርሱት ሊያሾፉብን አይደለም፣ አፋቸው እንደኛው ሰንፎ ነው። ይሄ ከገባኝ በኋላ ቢያንስ መፍራቴ ቀነሰ።

ሌላ ደብተሬ ያስተማረኝ ነገር ቲ ፊደል አሜሪካ ውስጥ ስራ ፈት መሆኗን ነው። ዋተር የለም፣ ዋደር ነው። ሲቲ የለም፣ ሲዲ ነው። መጨረሻ ላይ ስትመጣ ደሞ ጭራሽ ትዋጣለች፣ እና ይሄ ነገር እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነበር። አለቃዬ አንድ ቀን ስለ ፒ ቱ (ምድር ቤት ሁለት) እየነገረኝ «ዩ ካንት ፑት ዘም ኦን ፒ ቱ» ይለኛል፣ እኔ «ዩ ካን» ነው የሰማሁት፣ ሄጄ የእንግዶችን መኪና በሙሉ ፒ ቱ ደረደርኩ። ማታ የጥገና ሰዎች መጥተው መግቢያ አጡ። አሁን ሳዳምጥ ቲዋን አልፈልግም፣ ዜማውን ነው ማየው። ካን ሲሉ ትንሽዬ ናት፣ «ከን» ብላ ታልፍና ጉልበቱ ቀጥሎ ያለው ግስ ላይ ነው። ካንት ሲሉ ራሷ ካንት ላይ ይረግጡባታል፣ ረዘም ትላለች። ይቺን ልዩነት ከመቶ ጊዜ በላይ በደብተር ሰርቼ ነው የያዝኳት፣ በማስረዳት አልገባችኝም።

ለጀማሪ ቪኦኤ ላይ ከሁሉም በላይ ምመክረው ሌትስ ሌርን ኢንግሊሽ የሚባለውን የቪዲዮ ኮርስ ነው። ሌቭል አንዱ 52 ትምህርት ነው፣ ሁለተኛው 30። አና የምትባል ልጅ ከትንሽ ከተማ ወደ ዋሺንግተን ዲሲ ትመጣለች፣ አፓርትመንት ትገባለች፣ ስራ ትጀምራለች፣ ትሳሳታለች። እኔ ደሞ ምሰራው እዛው ዲሲ ስለሆነ ሜትሮውንም መንገዱንም ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ትወናው ትንሽ የልጆች ፕሮግራም ይመስላል፣ አልዋሽም፣ ሚስቴ አንድ ቀን አይታ «ይሄን ነው ለሊት ሙሉ ምታየው?» ብላ ስቃብኛለች። ከሶስት ወር በኋላ እሷም ጀመረች።

ጉድለቱስ? አለው። አንደኛ በጣም ንጹህ ነው። አንባቢዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያወራው፣ የሚያቋርጥ የለም፣ የሚያጉረመርም የለም፣ ክላክስ የለም። ቪኦኤ ላይ ሁሉ ነገር ገብቶህ ስትወጣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሌላ ቋንቋ የሚያወራ ይመስልሃል። መሰላል ነው፣ ግን የመሰላሉ ጫፍ ጣሪያው ጋ አይደርስም፣ መጨረሻ ላይ መዝለል አለብህ። ሁለተኛ፣ በማርች 2025 ቪኦኤ በትእዛዝ ስራ እንዲያቆም ተደርጎ ሰራተኞቹ ቤታቸው ሲላኩ ሌርኒንግ ኢንግሊሽም አብሮ ተመታ፣ እኔም በየቀኑ አዲስ ነገር እጠብቅ የነበርኩት ሰውዬ ቀረብኝ። አባቴም በዛው ሰሞን ደውሎ «ሬዲዮኑ ዝም አለ» አለኝ፣ እኔ ቨርጂኒያ እሱ ደሴ ሆነን በአንድ ቀን ተመሳሳይ ነገር አጣን። ለትምህርት ግን የድሮዎቹ ከበቂ በላይ ናቸው፣ ንብ የዛሬ አስር አመትም ንብ ናት። ሶስተኛው ጉድለት የራሴ ነው፣ አወራሬ እንደነሱ ሆነ። ቃል በቃል እየቆረጥኩ ቀስ ብዬ ሳወራ አንድ ደንበኛ «ሬዲዮ ላይ ትሰራለህ እንዴ» ብሎ ጠይቆኛል። የምሩን ይሁን የቀልዱን አልለየሁም።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ደብተር ከሌላችሁ ሁለት።

ከቪኦኤ ወደ እውነተኛው ሰው መዝለያ የሆነኝ ዩቲዩብ ነው። እዛ ፍጥነቱን 0.75 ማድረግ ይቻላል፣ ግን ሰዉ ሁሉ ጠጅ ጠጥቶ የሚያወራ ይመስላል፣ እኔ ሁለት ሳምንት ብቻ ተጠቀምኩበትና ተውኩት፣ ምክንያቱም መሟሟቱ አይቀንስም፣ የሟሟውን ነው ቀስ አድርጎ የሚያሰማህ። የተሻለው መንገድ ጽሁፉን ደብቆ አንዴ ማዳመጥ፣ ከዛ በጽሁፍ፣ ከዛ እንደገና ጽሁፉን ደብቆ ነው። ጽሁፉ ከፊትህ ካለ አይን ሌባ ነው፣ ጆሮ እያለ እሱ ቀድሞ ያነብና ጆሮህ የሰማ ይመስልሃል። አንድ አመት ፊልም በሳብታይትል አይቼ ማንበቤ ነው የፈጠነው።

ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባል የጉግል አፕም አለ፣ ሰው ሲያወራ ስልክህ ላይ እዛው እዛው ይጽፈዋል። በ2019 ነው የወጣው፣ ለእኛ ተብሎ አይደለም፣ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ነው፣ እዚሁ ዲሲ ካለው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ነው የሰሩት። አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው። ኢንተርኮሙ አጠገብ ስልኬን አስቀምጬ ስንት ቀን አድኖኛል። ግን ልክ እንደ ክራንች ነው፣ እግርህ ሲሰበር ያስፈልግሃል፣ ሁልጊዜ ከያዝከው እግርህ ይሰንፋል። ፊት ለፊት ያለን ሰው ደሞ ሳላስፈቅድ ስልኬን አፉ ስር አልደቅንም፣ ነውር ነው፣ ባለጌ ያስመስላል። አሁን ለአስቸጋሪ ቀን ብቻ ነው የማወጣው።

ላይብረሪውን ሳልጠቅስ ካለፍኩ ግፍ ይሆንብኛል። ፌርፋክስም ሞንትጎመሪም ያሉ ካውንቲ ላይብረሪዎች ውስጥ እንግሊዝኛ የማውራት ቡድኖች አሉ፣ ነጻ ነው፣ ፈቃደኛ ሰዎች ናቸው የሚመሩት። የኛን የምትመራው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አንድ ኤልሳልቫዶራዊ አናጢ፣ ሁለት ኮሪያውያን እናቶች፣ አንድ አፍጋን ዶክተር (አሁን ኡበር ነው ሚነዳው)፣ እኔ። መጀመሪያ ቀን ያስተዋልኩት ነገር እርስ በርስ ስናወራ ሁሉም ይገባኛል፣ እሷ ቃል ስትጨምር ግን ይጠፋኛል። አናጢውን ጠየቅኩት፣ እሱም እንደዛው ነው። ለካ ሁላችንም ቃሉን ሳንበላ ነው ምናወራው፣ የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው ሚበሉት። ቤተሰብ የመሰለ ቡድን ሆነናል፣ ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄጄ ለሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም።

እዛ የተማርኩት አንድ ዘዴ ከሁሉም አፕ ይበልጣል። ሳይገባኝ ሲቀር «ሶሪ?» ወይም «ሪፒት ፕሊስ» ነበር የምለው። ሶሪ ስትላቸው ያንኑ አረፍተ ነገር ያንኑ ያህል አፍጥነው ግን ጮክ ብለው ይደግሙታል፣ ጆሮህ የደነቆረ እንጂ ቋንቋው የጠፋህ አይመስላቸውም። አስተማሪዋ ያሳየችን የሰማኸውን ደግመህ የጠፋውን ቦታ ብቻ ክፍት መተው ነው። «ማሽኑ ቲኬትሽን ምን አደረገው?»። በእንግሊዝኛው «ዘ ማሺን ዲድ ዋት ቱ ዮር ቲኬት?» ብትል ሰውየው ያቺን የጎደለች ቃል ብቻ ቀስ አድርጎ ይሰጥሃል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ቃል ይቀይርልሃል። ያኔ ይቺን ባውቅ ኖሮ አራት መኪና አይሰለፍም ነበር። ለቁጥር ደሞ ሌላ ዘዴ አለኝ፣ ሰርቲንና ሰርቲን፣ 13ንና 30ን ማለቴ ነው፣ አሁንም በጆሮዬ አላምንም፣ ስለዚህ «ዋን ስሪ ኦር ስሪ ዚሮ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። የ17 ዶላር ልዩነት ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው።

ሀኪም ቤት ግን ዘዴም ደብተርም አያስፈልግም፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ይሄን እያወቀ የማይጠቀም አበሻ ብዛቱ። ከፌደራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ መሰረት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ ዲሲ ውስጥ ደሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ህግ አለ፣ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔ ግን ሁለት አመት ሙሉ ልጄን እያስተረጎምኩ ነበር፣ አስራ አንድ አመቷ ነው። አንድ ቀን ሀኪሟ ስለ ሽንቴ ጠየቀችኝና ልጄ እየሳቀች እየተሽኮረመመች «አባዬ... እ... ሺ ሺ ስትል ያምሃል ወይ ትላለች» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «አምሀሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» አልኩ፣ ነርሷ ሰማያዊ ስልክ አመጣች፣ ሶስት ደቂቃ ጠብቀን አንዲት ሴት «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እኔ ዛሬ አስተርጓሚዎ ነኝ» አለችኝ። ጌታዬ! እዛ አልጋ ላይ ወረቀት ቀሚስ ለብሼ ጀርባዬ ተከፍቶ ጌታዬ ስባል እንባዬ ነው የመጣው። ለትርጉሙ አምስት ኮከብ፣ ለቀሚሱ ዜሮ።

አሁን የት ነህ ካላችሁኝ ኢንተርኮሙ ከአስሩ ስምንቱ ይገባኛል (ስምንት! ሃሃ)። ፊት ለፊት ሲሆን ከዛም በላይ። ስልክ ላይ ቮይስሜል የተው ሰዎች አሁንም ይበልጡኛል፣ ስማቸውንና ቁጥራቸውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሉት። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ምንም አልሰማም፣ እሱን ትቼዋለሁ፣ የራሷ አገር ነው።

ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳትወርድ በስፒከር ምግብ የምታዝበት) ደሞ እስካሁን ኢንተርኮሙ የተገለበጠበት ቦታ ነው፣ እዛ እኔ ነኝ ውጪ ሆኜ ስፒከር የማወራው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ «ነምበር ስሪ፣ ኖ ኦኒየን» አልኩ፣ ጎበዝ። ከዛ ስፒከሩ የሆነ ረዥም ነገር ጠየቀኝ። ልጄ ከኋላ ሆና ስልኳን እያየች ነበር፣ አልረዳችኝም። ዘዴውን ልጠቀም አልኩ፣ ምን የሚለውን ክፍት ልተወው እንዳልኩ ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ አደረገ፣ ደነገጥኩና «የስ» አልኩ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ከምግባችን ጋር ሁለት ትኩስ የፖም ፓይ በከረጢት ሰጡን።

ልጄ ከረጢቱን ከፍታ «አባዬ፣ ፓይ አዘሃል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፣ «ለአንቺ ነው»።